ሳልሰማት ፈረድኩባት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር የሚያስመሰግነኝ አይደለም። ግን ልጇን ወይም ታናሽ እህቷን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥማት ይችላል ብዬ ስላሰብኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ታናሽ እህቴ ወጥ ቤት ገብታ ከጎኔ ቆመች። ሃያ ዓመቷ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ከደሴ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ያደገችውም ከልጆቼ ጋር ነው። ነርሲንግ እንደምትማር ገና አሥረኛ ክፍል ሳለች ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። የአናቶሚ መጽሐፌን ሳልሸጥ ያስቀመጥኩትም ለሷ ነው።

«እታለም፣ ትምህርቴን ቀየርኩ» አለችኝ።

«ወደ ምን?»

«ክሪሚናል ጀስቲስ። የወንጀል ፍትህ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩና አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። «ሌባና ነፍሰ ገዳይ ልታጠኚ ነው ከደሴ እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ?» አልኳት። «በሒጃብሽ ላይ ሽጉጥ ልትታጠቂ ነው? ማን ያገባሻል? ለእናታችንስ ምን ብዬ ልንገራት?» እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ ትቆጫለሽ» አለችኝ። «አሁን ምንም መስማት አልፈልግም» አልኩ። ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

እናታችን በስልክ ስትሰማ ብሶባት አረፈ። «ልጄ ወታደር ልትሆን ነው እንዴ? እኔ ሐኪም ትሆናለች ብዬ አይደል ሌት ተቀን ዱዓ የማደርገው?» እያለች አለቀሰች። እኔም የእናቴን እንባ እንደ ማስረጃ ይዤ እህቴን አኮረፍኳት። ረመዷን ገባ። ኢፍጣር ላይ ቴምሩን እናቀባበላለን፣ «ቢስሚላህ» እንላለን፣ ከዚያ ዝም። ልጆቼ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ድምፃቸውን ቀነሱ።

አንድ ምሽት ከተራዊሕ በኋላ መስጊዳችን ውስጥ ኡስታዛችን ስለ መጀመሪያው ሂጅራ ደርስ ሰጡ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሐበሻ ሙስሊም ሆኖ ነጃሺን የማያውቅ የለም። እዚህ ዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ያቋቋሙት መስጊድ እንኳ ስሙ ፈርስት ሂጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚሰቃዩ ሶሐቦቻቸውን፣ እርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ወደ ሐበሻ ሰደዷቸው። ቁረይሾችም ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ድንገት ጠየቀችኝ።

«እታለም፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ሹማምንቱን የለመኗቸው ምን ነበር?»

የደርስ ጥያቄ ስለሆነ ኩርፊያዬን ረስቼ መለስኩ። «ንጉሡ ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጣቸው እንዲመክሩላቸው ነዋ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ሳያናግራቸው» አልኩ።

«ነጃሺ ግን እምቢ አለ። እነሱን ጠርቼ ሳልሰማ አልሰጥም አለ። እኔን ግን...» ብላ ዝም አለች።

ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናዬን አቆምኩ። «በይ ንገሪኝ» አልኳት። ከሦስት ሳምንት በላይ ያለፈበትን ነገር ያን ሌሊት ሰማሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የአክስታችን ልጅ፣ እንደ ወንድም አብሮን ያደገ፣ አብሮት ከሚኖር ልጅ ጋር በቤት ኪራይ ተጣልቶ ገፈተረው። ልጁ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፣ ወንድማችን ታሰረ፣ በዋስ ወጣ፣ በድብደባ ተከሰሰ። እኔ ያን ጊዜ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሳይሰማ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ። የቀጠሮው ዕለት ይዤው ሄድኩ። እህቴም ትምህርት አልነበራትምና ተከተለችን። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ግን የአማርኛ አስተርጓሚ እስኪገኝ ቀጠሮው ይራዘማል ተባልን። እኔ ማታ ሺፍት ነበረኝ። «እንግሊዝኛ ይችላል፣ አያስፈልገውም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ስልክ ተደውሎልኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። የተመደበለት ጠበቃ ኮሪደር ላይ አግኝቶት በጥድፊያ ሲያስረዳው አጠገቡ የነበረችው ያቺ ልጅ ናት። ያስተረጎመችለትም እሷ።

«ጠበቃው ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ካመንክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ ነበር ያለው» አለችኝ መኪናው ውስጥ። «እኔ ግን ቃሉ በደንብ አልገባኝም። ‹አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ በል፤ ከዚያ ወደ ቤት እንሄዳለን› አልኩት። እሱም ሽምግልና መሰለው።»

ሱብሓነላህ። በኛ አገር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አጥፍቻለሁ» ካለ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ካሳ ይከፈላል፣ ይቅር ለአላህ ይባባላሉ፣ ቡና ይጠጣል። እዚህ ግን ያቺው ቃል መዝገብ ላይ ተጽፋ ትኖራለች። ዳኛው «የሚሆነውን ተረድተሃል? ያስገደደህ አለ?» እያለ ሲጠይቀው ወንድማችን በየተራ «የስ»፣ «ኖ» አለ። አንድ ዓመት እስራት ተፈረደበትና ታገደለት። እኛም እየሳቅን ወጣን። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን እንኳ አይታሰርም ብለን።

ጠበቃው ስለ ግሪን ካርዱ አልጠየቀም፤ እኛም አላነሳንም። ዜግነት ሊያመለክት ሲል ነው የኢሚግሬሽን ጠበቃ መዝገቡን አይታ የደነገጠችው። በወንጀል ፍርድ ቤት ቀላል የተባለው ፍርድ በኢሚግሬሽን ሕግ ሌላ ስም ነበረው። የታገደው አንድ ዓመት እንደታሰረበት አንድ ዓመት ይቆጠራል። «ከአገር እንዳትወጣ፤ ከወጣህ ላትመለስ ትችላለህ» አለችው። በዓመቱ አክስታችን ሞተች። ወንድማችን የእናቱን ጀናዛ በስልክ መስኮት ነው ያየው።

«ያን ቀን ስልኩን ይዤለት የቆምኩት እኔ ነኝ» አለች እህቴ። «ያን ጊዜ ነው ይህን ትምህርት ልማር ያልኩት። ላንቺ እንዴት ልንገርሽ? ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ።»

እህቶቼ፣ አሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ ያን ሸክም የጫንኩት እኔ ነበርኩ። አስተርጓሚ አያስፈልግም ያልኩት እኔ። ለሺፍቴ የቸኮልኩት እኔ። እሷ ግን ስድስት ዓመት ብቻዋን ተሸከመችው፤ ሸክሙን ልታወርድ ስትመጣ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ «መስማት አልፈልግም» አልኳት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ መጽሐፎቿን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከሱሑር በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አነባለሁ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ይህ ትምህርት የሌባ ትምህርት አለመሆኑን ነው። ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት። ሰው ሲጠረጠር፣ ሲያዝ፣ ሲከሰስ፣ ሲፈረድበትና ሲታሰር በየደረጃው ምን ሊደረግበት እንደሚገባ፣ ምን ሊደረግበት እንደማይገባ ይማራሉ። የወንጀል ሕግ አለ፣ የሥነ ሥርዓት ሕግ አለ፣ ሰው ለምን ወንጀል እንደሚሠራ የሚያጠናው ክሪሚኖሎጂ አለ፣ ስለ ተበዳዮች አለ፣ ስለ ወጣት ጥፋተኞች አለ፣ ስታቲስቲክስም አለ።

አንዳንዱን ታሪክ ሳነብ እንባዬ መጥቷል። ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ሰርቋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1961 ተከሰሰ። ጠበቃ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፣ ፍርድ ቤቱ ያቁምልኝ አለ። የሞት ቅጣት ለሚያስከትል ክስ ካልሆነ አይቻልም ተባለ። ራሱን ሲከላከል ተሸነፈና አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ። በ1963 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል አሉ። ጊዲዮን ጠበቃ ይዞ እንደገና ሲዳኝ ነፃ ወጣ። ያው ሰው፣ ያው ክስ ነው። የተጨመረው የሚናገርለት ሰው ብቻ ነው።

ጄራልድ ጎልት ደግሞ የአሪዞና ልጅ ነው። በ1964፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናግሯል ተባለ። ትልቅ ሰው ቢያደርገው ትንሽ ገንዘብ ወይም ቢበዛ ሁለት ወር እስራት የሚያስቀጣ ነገር ነበር። እሱ ግን ጠበቃ ሳይኖረው እስከ ሃያ አንድ ዓመቱ ድረስ ማረሚያ ሊቆይ ተፈረደበት። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆችም ክሳቸውን የማወቅና ጠበቃ የማግኘት መብት አላቸው ብሎ ወሰነ። የወንድ ልጆች እናት ስለሆንኩ ይህን ሁለቴ አነበብኩት።

ሦስተኛው የኛው ጉዳይ ነው። ሆሴ ፓዲያ ሆንዱራስ ተወልዶ በአሜሪካ ከአርባ ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነትም ያገለገለ ሰው ነው። ጠበቃው፣ ብዙ ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አትጨነቅ ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከዚያ ከአገር የመባረር አደጋ መጣበት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዜጋ ያልሆነ ደንበኛ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የሚከተለውን የመባረር አደጋ ጠበቃው ሊነግረው ይገባል አለ። ይህ ውሳኔ እኛ ያን ኮሪደር ከመርገጣችን ከዓመታት በፊት የተሰጠ ነው። እኛ ግን መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ሌላው የገረመኝ ነገር፣ ከኔ ሥራ ጋር ይህን ያህል ቅርብ መሆኑ ነው። እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እጁ በካቴና ከአልጋው ጋር ታስሮ፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ የሚታከም ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ምን አድርጎ ነው ብዬ አልጠይቅም፤ የደም ግፊቱን ነው የምለካው። እስረኛ መታከም መብቱ እንደሆነ፣ ከባድ ሕመሙን እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱን መጣስ እንደሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1976 መሆኑን ግን የነገረችኝ እህቴ ናት። ሥራዬን የምሠራበትን ሕግ ከሷ ተማርኩ።

በሌላ ቀን እኔ በተራዬ አስተማርኳት። በስለት ወይም በጥይት የተጎዳ ሰው ሲመጣልን ልብሱን በመቀስ እንቀዳለን። ስንቀድ ግን ስለቱ ወይም ጥይቱ በበሳው ቀዳዳ ላይ አናልፍም። ልብሱንም በወረቀት ከረጢት እንጂ በፕላስቲክ አናስቀምጥም፤ በፕላስቲክ ከታፈነ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ይህን ስነግራት ዓይኗ በርቶ «የዩሱፍ ቀሚስ!» አለች።

እውነቷን ነው። ስንት ዓመት ሱረቱ ዩሱፍን ስቀራ ኖሬ እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሲከሰሱ ከሴትየዋ ቤተሰብ የሆነ ሰው፣ ቀሚሱ ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እሱ ነው እውነተኛው አለ። ቀሚሱ ከኋላ ነበር የተቀደደው። ማስረጃው እያለም ታሰሩ። በኋላ ንጉሡ ከእስር ሲያስጠራቸውም ሮጠው አልወጡም፤ መጀመሪያ የሴቶቹ ጉዳይ ይጣራልኝ አሉ። ስማቸው ሳይጠራ መውጣት አልፈለጉም። እኔ ግን ወንድሜን «ተቀበልና ውጣ» ነበር ያልኩት።

ሰው ሠራሽ ሕግ መማር በዲናችን እንዴት ይታያል የምትሉ እህቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እኔም ያስጨነቀኝ ነገር ነው። ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም። እኛ ኡስታዛችንን ጠየቅን። የሰጡን ምላሽ፣ ዙልምን ለመከላከል ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ የትኛውን ሥራ ልያዝ የሚለው ደግሞ ሥራው ሲመጣ ለየብቻው የሚጠየቅ ነው የሚል ነበር። ሒልፈል ፉዱልንም አስታወሱን፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት መካ ውስጥ የተበደለን ለመርዳት የተደረገውን ያንን ቃል ኪዳን፣ በእስልምና ዘመንም ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። በሱረቱ ኒሳእም አላህ (ሱ.ወ) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትህ እንድንቆም አዞናል። እኔ ያቺን አንቀጽ ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የምትናገር ይመስለኝ ነበር።

ልጃችሁ ይህን ትምህርት ልማር ካለቻችሁ እውነቱን አውቃችሁ ተነጋገሩ። አራት ዓመት የሚፈጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ጠበቃ አያደርግም። ጠበቃ መሆን የምትፈልግ ከዚያ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ገብታ ሦስት ዓመት ትጨምራለች። ፖሊስ መሆንም ግዴታ የለባትም። በፍርድ ቤት፣ በተበዳዮች ድጋፍ፣ በወጣቶች ጉዳይ፣ በፕሮቤሽን፣ በስደተኞች ድርጅት የምትሠራ አለች። የፌዴራል መንግሥት ሥራ አብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ ይህንም አስቀድማ ትወቅ። እንደ ነርሲንግ ተመርቆ ወዲያው የሚቀጠሩበት አይደለም፤ ስለዚህ ተማሪ ሳለች ልምምድ የምታገኝበትን ቦታ መፈለግ አለባት። ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ እህቴ ሐሳቧን አልቀየረችም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።

ልጅ ባይኖራችሁም ይህን ያዙልኝ። ከቤተሰባችሁ ሰው ከተከሰሰ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቀጠሮው ቢራዘም ይራዘም። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። ፖሊስ ሲጠይቅ ዝም የማለትና ጠበቃ የመጠየቅ መብት አለ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት «ይህ መኖሪያ ፈቃዴን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጠበቃው ካላወቀ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። እዚህ አገር ጥፋተኛ ከሚባሉት አብዛኞቹ ሙግት ውስጥ ሳይገቡ እንደ ወንድማችን በድርድር ያመኑ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሀሜት ፍርሃት የተነሳ አትቸኩሉ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ የቸኮልኩበትን ሁለት ሰዎች ከፈሉልኝ።

ዒድ ዕለት ወንድማችን እንደ ልማዱ እኛ ቤት መጣ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እህቴ አጠገቡ ተቀመጠችና ያን ቀን በትክክል እንዳላስተረጎመችለት ነገረችው። ጀበናውን ይዤ ቆምኩ። እሱ ትንሽ ዝም ብሎ «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አላት። «እኔ ነኝ ትልቁ ሰው። አልገባኝም ማለት ነበረብኝ።»

«አይደለም» አልኩ እኔ። «አስተርጓሚ አያስፈልገውም ያልኩት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።»

«አውቃለሁ፤ ሰምቼሽ ነበር» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳብኝም። «አፉ ብያለሁ፣ ይልቅ ቡናው ቀዘቀዘ» አለና ስኒውን ዘረጋልኝ።

ጉዳዩን አሁን ሌላ ጠበቃ ይዞታል፤ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ጠይቀናል። ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ በዱዓችሁ አትርሱን። እህቴ ሦስተኛ ዓመቷን ጀምራለች። እናታችን እስካሁን «ሐኪሟ ልጄ» ነው የምትላት፤ እሷም አታርማትም።

የነጃሺን ችሎት ታሪክ ለኛ ያቆዩልን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ያኔ ስደተኛ ሴት ነበሩ። እዚያ ተቀምጠው ዕጣቸውን የሚጠብቁ፣ ንጉሡ ይስማን አይስማን የማያውቁ። እህቴን ሳይ እሳቸውን አስባለሁ። ወጥ ቤቴ ገብታ ከጎኔ ስትቆም እሷም ይሰሙኛል ብላ ነበር።

አላህ የምንሰማ ያድርገን። የተበደለን የምናግዝ፣ ያጠፋነውን የምናምን፣ ሐቅን ከቤታችን የምንጀምር ያድርገን። ኣሚን።